መርዶ ያልደረሰው ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት ከክሊኒኩ የምወጣው ጥቁር ለብሼ ነው። ካዛንቺስ ላይ ሐዘንተኛ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ የምሠራበት ላብራቶሪ ድረስ መጥተው እጄን ይዘው የተመለሱ ደንበኞች አሉ። የለገሃር ሚኒባስ እይዝና ስወርድ በእግሬ ወደ ቂርቆስ አቀናለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሳልደርስ ፈትያ ልብስ ስፌት እገባለሁ። ከመለኪያው መጋረጃ ጀርባ ጥቁሩን አውልቄ አረንጓዴ ቀሚስ እለብሳለሁ። በፊቴ በኩል የነበረውን የነጠላዬን ጥለት ገልብጬ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ስወጣ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት እመስላለሁ። አማቴ እማማ ቡዜ ቤት የምገባው እንደዚያ ሆኜ ነው።

ፈትያ ከባለቤቴ ጋር አንድ ግቢ ያደገች የስልጤ ልጅ ናት። ነገር በሆዷ አይቀመጥም።

“ቀሚሱ ሰፋብሽ፣ ሙሉ” አለችኝ አንድ ቅዳሜ፣ ወገቤ ላይ ጨርቁን በጣቷ ቆንጥጣ። “ላጥብበው?”

“ተዪው።”

“ልተወውና እማማ ቡዜ ‘ምነው ከሳሽ’ ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው? እኚያ ሴትዮ እኮ ከበር ላይ ሆነው የተዛነፈ ስፌት ያያሉ።”

“ጾም ነው እላለሁ።”

“እሱስ ጾም ነው።” መርፌዎቹን ከከንፈሯ መሃል አውጥታ አንድ በአንድ ወገቤ ላይ ሰካችብኝ። “እኛ ጋ ቢሆን ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ተቀምጣ ዒዳዋን ትጨርሳለች፣ በቃ። ማንም ልብስ አያስቀይራትም። እናንተ ግን፣ ማለቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ቲያትር ነው የምታሠሩኝ። እኔ ደግሞ መጋረጃ ጠባቂ።”

አልተቀየምኳትም። የሆነውን በትክክል የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች።

ባለቤቴ ለሊሳ አብራሪ ነበር። የአንድ ትንሽ የግል ድርጅት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ያበርር ነበር፤ ቀያሾችን፣ የእርዳታ ሠራተኞችን፣ አንዳንዴም በሽተኛ ያመላልሳል። ኅዳር ላይ ከባሌ ቆላ ሦስት ቀያሾች ጭኖ ሲመለስ ሞተሩ አየር ላይ ጉልበት አጣ። አርሲ ውስጥ የታጨደ የስንዴ ማሳ ላይ አሳረፈው። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ተረፉ። እሱም በገዛ እግሩ ከአውሮፕላኑ ወርዷል። በዚያው ምሽት ሞተ።

እናቱ የሚያውቁት እስከ መውረዱ ድረስ ያለውን ነው። ያወቁትም ከሌላ ሰው አይደለም። ለሊሳ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ የትም ሲደርስ መጀመሪያ የሚደውለው ለእናቱ ነው። እሱ እስኪደውል ምሳ አይቀምሱም ነበር። ያን ቀንም ከማሳው ላይ ደወለላቸው። “እማዬ፣ ሞተሩ እምቢ ብሎኝ ሜዳ ላይ አወረድኩት፤ ደህና ነኝ” አላቸው። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ለእኔ አልደወለም። ደህና መሆኑን የሰማሁት ከእማማ ቡዜ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሥራዬን እየሠራሁ የዋልኩትም በዚያ እምነት ነበር።

ልባቸው ታማሚ ነው። የሚከታተላቸው ሐኪም ድንጋጤ እንዳይነካቸው አጥብቆ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የለሊሳ ታላቅ ወንድም ኢተፋ ቤተ ዘመዱን ሰብስቦ ወሰነ፤ ትንሽ እስኪጠነክሩ ድረስ መርዶውን አይረዱም፤ ጊዜው ሲደርስ እንደ ወጉ ንጋት ላይ፣ በሽማግሌ፣ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረጻድቃን ባሉበት ይነገራቸዋል። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። ቂርቆስ ከአባቱ አጠገብ ብንቀብረው ስለሚሰሙ ሌላ ደብር ቀበርነው። ድንኳኑ የተተከለው ካዛንቺስ፣ እኛ በምንከራይበት ግቢ ነው። የእማማ ቡዜ ሬዲዮ “ይሠራልዎ” ተብሎ ተወሰደ። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ የግቢው ሰው በር ላይ ጠብቆ ጥቁር ነጠላውን ያስወልቀዋል። ለሊሳ የት እንዳለ ሲጠይቁ፣ ስለ ሞተሩ ቃሉን እንዲሰጥ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቷል፣ ምርመራው እስኪያልቅ ስልክ አይፈቀድም ተባለ። አመኑ። “እሱን ሳይጠይቁማ ማንን ይጠይቃሉ” አሉ።

መጀመሪያ ኢተፋ “የሐኪም ቀጠሮዋ ይለፍ” አለ። ከዚያ ገና ይለፍ። ከዚያ ጥምቀት ይለፍ።

እኔ ደግሞ በየቅዳሜው እየሄድኩ ያንን ማረፍ እተርክላቸዋለሁ። ከእኔ የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነው።

ታሪኩን የነገረኝ ኢዘዲን ነው። ከሦስቱ ቀያሾች አንዱ ሲሆን ከለሊሳ ጎን የተቀመጠው እሱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ አንገቱ ላይ ድጋፍ እንዳሰረ ክሊኒኩ ድረስ መጣ። ለቅሶ ሊደርስ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። “እህቴ፣ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር አለ፤ ካልፈለግሽ እመለሳለሁ” አለኝ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

“ሞተሩ አልጠፋም” አለኝ። “ድምፁ አለ። የሄደው ጉልበቱ ነው። ዳገት ላይ እንደቀረ አይሱዙ በይው፤ ያጓራል፣ ግን አይሄድም። ለሊሳ አንዱን ማንሻ ገፋ፣ ሌላውን ሳበ፣ ነዳጁን ከግራው ወደ ቀኙ ጋን አዞረ። ምንም የለም። ፊቱን ሳይ ግን ቤቱ ቁጭ ብሎ የሬዲዮ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው ነው የሚመስለው። ከዚያ ዞር አለና ‘ጓዶች፣ ዛሬ አዲስ አበባ አንደርስም፤ ማሳ ላይ ነው የምንወርደው’ አለን። ከኋላ ታዲዎስ የሚባል ጓደኛችን ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። ለሊሳ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‘ጸሎቱን አታቁም፣ ግን ቀበቶህን እያጠበቅህ።’”

ኢዘዲን ፈገግ ሊል ፈልጎ አንገቱ ከለከለው።

ቅርብ ያለው ማሳ ላይ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር ቆሞ ነበር። ለሊሳ እሱን ትቶ ከባሕር ዛፉ ረድፍ ማዶ ያለውን ረጅሙን መረጠ። የዛፎቹ ጫፍ ከሥራቸው ሲያልፍ ቅጠል ሲፋቅ ሰምተዋል። ኢዘዲንን “በሩን ክፈትና ጫማህን መሃሉ ላይ ሸጉጥ፣ ቢጣመም እንዳይቆለፍብን” አለው። መሬት ከመንካታቸው በፊት ነዳጁን ዘጋ፣ መብራቱንም አጠፋ። ጎማው ገለባውን ሲነካ ልክ እንደ ሌላው ቀን ነበር፤ ከኋላ ያሉት ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። ገለባ የሸፈነውን የውኃ ቦይ ማንም አላየውም። የፊት ጎማው ገባበት፣ ጅራቱ ተነሣ፣ ተመልሶ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ነገር ዝም አለ።

“ሁላችንንም አስወርዶ መጨረሻ ላይ እሱ ወረደ” አለ ኢዘዲን። “የአገሬው ሰው ተሯሩጦ መጣ። ባጃጅ አለ፣ ጤና ጣቢያ እናድርሳችሁ አሉን። እሱ ‘እነሱን ውሰዱ፤ እኔ አውሮፕላኑን ለፖሊስ ሳላስረክብ የት እሄዳለሁ’ አለ። ጎኑን ያዝ ያደርግ ነበር። ምነው ስለው ‘መሪው ነክቶኝ ነው፣ ያልፋል’ አለኝ። ትቼው ሄድኩ። እሱን ነው ልነግርሽ የመጣሁት።”

ወደ ማምሻው አንድ የማሳ ጠባቂ፣ ለሊሳን ግንድ ተደግፎ በተቀመጠበት በጎኑ ተጋድሞ አገኘው። ሆስፒታል ሲደርስ ደሙ ሆዱ ውስጥ አልቋል። ሐኪሙ ጣፊያው ተቀዶ ቀስ እያለ ሲደማ እንደዋለ ነገረኝ። እኔ በሙያዬ ይህን አውቀዋለሁ። በዩኒቨርሲቲም ተምሬዋለሁ፣ ናሙናቸው በእጄ ያለፈ ሰዎችም አሉ። “ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢደርስልን ኖሮ እዚሁ ከፍተን እናተርፈው ነበር” አለኝ ሐኪሙ። ይህንን ለኢዘዲን አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።

እማማ ቡዜ እንግዲህ የዚህን ሁሉ ግማሽ በቃላቸው ያውቁታል። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ጎረቤታቸው ሀምዲያ አጠገባቸው ሆና፣ “በይ እስቲ ከሞተሩ ጀምሪ” ይሉኛል።

“እማማ፣ ባለፈው ነገርኩዎት እኮ።”

“አይሰለቸኝም። ሀምዲያም አልሰለቻትም። አይደል፣ ሀምዲያ?”

“አይሰለቸኝም፣ እማማ” ትላለች ሀምዲያ ቁልቁል እያየች። ድንኳናችን ውስጥ የመጀመሪያውን ምሽት አብራኝ ያደረችው እሷ ናት።

እጀምራለሁ። አንድ ነገር ከዘለልኩ ያርሙኛል። “ጫማውን ረሳሽው” ይላሉ። ታዲዎስና ቀበቶው ጋ ስደርስ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ይስቃሉ። “አባቱ ነው። አባቱም ሰው ሲጨነቅ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።” መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁኝ።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወረደ።”

“በእግሩ?”

“በእግሩ።”

እዚያ ላይ አቆማለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ወጥቼ ፈትያ መጋረጃ ጀርባ ጥቁሬን መልሼ እለብሳለሁ።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ ስገባ ግድግዳው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተደግፏል። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ጥላ ነበር።

“ተስዬ ነበር” አሉኝ። “የደወለልኝ ዕለት፣ ገና ስልኩ ከጆሮዬ ሳይወርድ። ቂርቆስ ሆይ፣ ልጄን ከእሳት አውጥተህ ከሰጠኸኝ ዓመታዊ በዓልህ ላይ ጥላ አገባለሁ ብዬ። እንግዲህ ጥር አሥራ አምስት ደረሰ። አንቺ ትይዢልኛለሽ፤ እኔ ክንዴ አይችልም። በድምፅ ማጉያ ስሙን ሲጠሩት እልል እንላለን፣ እኔና አንቺ።”

ሀምዲያ ተነሥታ ወጣች።

“እሱ ሳይመጣ?” አልኩ።

“ስለት አይዘገይም፣ ልጄ። የተደረገልኝ እኮ ተደርጎልኛል።”

በዚያው ቀን ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለው የኢተፋ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ቀሚሱን እንኳ አልቀየርኩም። ገበያተኛ እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኩት። ስለ ስለቱ አያውቅም ነበር። የያዘውን ፍሬን ሸራ መደርደሪያው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

“ከበዓሉ በኋላ እንነግራታለን” አለ።

“ጋሼ ኢተፋ፣ ሕዝብ መሃል ቆመው ለሞተ ልጃቸው እልል ካሉ በኋላ?”

“ታዲያ በበዓሏ ዋዜማ ልንገራት? በእሷ ቦታ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጫለሽ?”

“እኔ እልል አልልም።”

“አንቺን ማን እልል በይ አለሽ። ዝም ብለሽ ያዢላት።”

“እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ዲያቆኑም ያውቃል። ሁሉም እያወቀ እሳቸው ብቻቸውን ሲደሰቱ ቆሞ ሊያይ ነው። ኋላ ይህን ሲያስታውሱስ?”

“አባታችን የሞተ ጊዜ እኔ ነኝ የነገርኳት” አለ። “ሽማግሌዎቹ አፋቸው ተያዘና እኔ ተናገርኩት። ፊቷን አይቻለሁ፣ ሙሉ። ሁለተኛ አላየውም። ከዚያ ወዲህ ነው ልቧ የታመመው። ብትሞትብኝ ምን ትይኛለሽ?”

እሱም ልክ ነበር። ግን ከዚያ ቀን በኋላ አረንጓዴውን ቀሚስ ባሰብኩ ቁጥር እልልታ ይሰማኝ ጀመር።

በበዓሉ ዋዜማ ከክሊኒኩ ቀድሜ ወጣሁ። ፈትያ በሱቋ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር አየችኝና ንግግሯን አቋረጠች።

“ግቢ እንጂ፣ ቀሚሱን ተኩሼዋለሁ።”

“ዛሬ አያስፈልገኝም።”

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። “ኢተፋ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“አላህ ያግዝሽ” አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ሀምዲያን ቅርብ ሁኚ እላታለሁ” አለችኝ።

እማማ ቡዜ በር ከፍተው ፀሐይ ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ለነገ የሚለብሱት ነጭ ቀሚስ ጭናቸው ላይ ነው። ጥቁሩን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

“ማን ነው?” አሉ። “እናትሽ ናት?”

“አይደሉም፣ እማማ። ይግቡ፣ ውስጥ ልንገርዎት።”

“እዚሁ ንገሪኝ።”

“መድኃኒትዎን ወስደዋል?”

“ወስጃለሁ። ማን ነው ያልኩሽ?”

አጠገባቸው ደፉ ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ። ለማጽናናት ብቻ አልነበረም፤ ጣቴ የደም ሥራቸው ላይ ነበር። እንዴት እንደምጀምር መንገድ ላይ ሳወጣ ሳወርድ ነበር፣ አንዱም አልመጣልኝም። ስለዚህ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

“ለሊሳ በእግሩ ወረደ ብዬዎታለሁ። እሱ እውነት ነው። ተሳፋሪዎቹን በባጃጅ ላካቸው፣ እሱ አውሮፕላኑን ሊጠብቅ ቀረ። ውስጡ ተጎድቶ ነበር፣ እማማ። ውጭው ላይ ምንም አይታይም። ሲመሽ ወደቀ። ሆስፒታል ወስደውት ነበር። አልተረፈም።”

እጃቸውን አልሳቡም። ትርታቸው አንዴ ዘሎ ቀጠለ። የግቢው ውኃ መቅጃ ላይ ባልዲ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ የሚዘጋው ሰው አልመጣም።

“መቼ?”

“የዚያኑ ዕለት።”

“የዚያኑ ዕለት” አሉ። አንድ ነገር እንደሚያሰሉ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። “ገናን በልቻለሁ እኮ። ሥጋ በልቻለሁ። ሀምዲያ አብራኝ ስቃለች።”

“እንዳይጎዱብን ብለን ነው።”

“ማን አለቀሰለት?”

“እኛ። ካዛንቺስ ድንኳን ተክለን።”

“የት ነው ያለው?” የደብሩን ስም ነገርኳቸው። “ከአባቱ ጋር አይደለም” አሉ።

“አይደለም።”

የሚጮሁ መስሎኝ ነበር፤ አልጮሁም። ነጩን ቀሚስ ማጠፍ ጀመሩ፣ ተሳሳቱ፣ እንደገና ዘረጉት። ከዚያ እጃቸው በግራ ጎናቸው ላይ፣ ከጎድናቸው በታች፣ ሄዶ ዐረፈ።

“እዚህ ጋ ነው?” አሉኝ።

አየኋቸው። የትኛው ጎን እንደሆነ አልነገርኳቸውም ነበር።

“እዚህ ጋ ነክቶኛል ብሎኝ ነበር” አሉ። “በስልክ። ‘እማዬ፣ ግራ ጎኔን ትንሽ መቶኛል፣ ለሙሉ ግን እንዳትነግሪያት፤ የሐኪም ነገሯን አምጥታ ታስጨንቀኛለች፣ እኔ ራሴ ስመጣ እነግራታለሁ’ አለኝ። ሳቅሁበት። ሚስትህን ትፈራለህ አልኩት። አንቺ ስትደውዪልኝም ደህና ነው፣ ምንም አልነካውም አልኩሽ። እንዳትደነግጪ ብዬ።”

ያን ስልክ አስታውሳለሁ። ላብራቶሪው ውስጥ ጓንት አውልቄ ነበር የደወልኩላቸው። ግራ ጎን፣ ከመሪ ጋር ተጋጭቶ። ብሰማ ኖሮ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጨምርም ነበር። ለድርጅቱ፣ ለፖሊስ፣ ስልክ ላለው ሁሉ እደውል ነበር። ያኔ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ነበር።

እጃቸውን ከእጄ አውጥተው እኔን ደግሞ እሳቸው ያዙኝ፤ አጥብቀው፣ ክንዴ ላይ።

“ሙሉነሽ። ብነግርሽ ኖሮ ይድን ነበር?”

በሙሉ ስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ዓይናቸው ፊቴ ላይ ነበር፤ ፈትያ ስለዚያ ዓይን ያለችው እውነቷን ነው። ከካዛንቺስ እስከዚያ በር ድረስ የመጣሁት አንድም ነገር ላለመደበቅ ነበር።

“አይድንም ነበር” አልኩ።

“ሐኪሙ ነው ያለው ወይስ አንቺ?”

“ሐኪሙ። ወዲያው ቢያገኙትም አይተርፍም ነበር ብሎኛል።”

“ቂርቆስን በይ።”

ከግቢው አጥር በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ለነገው በዓል ዙሪያውን ባንዲራ ሰቅለውበታል።

“ቂርቆስን” አልኩ።

ክንዴን ለቀቁኝ። አመኑኝ ወይም ለማመን ወሰኑ፣ አላውቅም። ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገፈው ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ከበርጩማው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ። በአንድ ጊዜ ግቢው ሞላ። ሀምዲያ ቀድማ ደረሰች። ጎረቤቶቹ ጥቁራቸውን ከኅዳር ጀምሮ በቅርብ አስቀምጠውት ስለነበር ለብሰው ለመምጣት አልዘገዩም። በየቤቱ የታፈነው ልቅሶ ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ፣ ፈትያም ሱቋን ዘግታ መጣች። እኔ ከእማማ ቡዜ ጎን መሬት ላይ ተቀምጬ ጣቴን የደም ሥራቸው ላይ መለስኩ። ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይቀጥላል።

ኢተፋ ሲደርስ ሰውን በክርኑ እየገፋ ነበር። እናቱ አንገት ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ በወንድሙ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። በፊቱ ላይ ቁጣ ነበር፣ እፎይታም ነበር።

“ምን ነገርሻት?” አለኝ በዝቅተኛ ድምፅ።

እማማ ቡዜ ልቅሷቸውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

“ሁሉንም” አልኩት።